ቧንቧውንስ ማን አጠበው?

ልጅ ሳለሁ ሱሉልታ ውስጥ ከእናቴ አባት ጋር ነበር የምንኖረው። እኛ አባባ እንላቸዋለን፤ ለጎረቤቱ ኦቦ ቱሉ ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ማታ ማታ የባቄላ እሸት ፍም ላይ ጣል አድርገው ተረት ያወሩልኛል፤ ጥርሳቸው ስላለቀ እኔ ትኩሱን እየፈለፈልኩ መዳፋቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ። ጢሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ጅቡ መታለሉን ሳልሰማ አልነሳም።

ኮሮና የገባ ዓመት ግን ቤታችን ሌላ ሆነ። ከዚያ በፊት እጅ የማስታጠብ ሥራ የእኔ ነበር፤ እኔ በጆግ ሳፈስ የሚታጠበው ሰው ምንም ነገር አይነካም። እናቴ «መጠጋጋት ይቅር» ብላ ቧንቧ ያለው ጀሪካን በር ላይ አስቀመጠች። ሠለጠንን አልን! ሚኒባስ የሚነዳው አባቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ መሪውንና ስንት ሰው የነካውን የመኪና በር ሲጨብጥ በዋለ እጁ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ይታጠባል፣ ይዘጋል። እኔም ተከትዬው እከፍታለሁ፣ በሳሙና እፈትጋለሁ፣ በታጠበ እጄ መልሼ እዘጋለሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ባቄላው።

መስከረም ላይ አባቴን ሳል ያዘው። ለጥየቃ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንታጠብ ቆማ አየችንና፣ «እጃችሁን ታጠባችሁ፤ ቧንቧውንስ ማን አጠበው?» አለች። በክርን መክፈትን፣ ቧንቧውንም አብሮ በሳሙና ማሸትን አሳየችን። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ትናንት ማታ ለአባባ የፈለፈልኩት ባቄላ ትዝ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን አባባ ታመው ተኙ። በራፉ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ትንፋሽ እያጠራቸው በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ኮቱ፣ ነይ ልጄ፤ ትንሽ ባቄላ ፈልፍዪልኝ» አሉኝ። እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«አንቺም ፈራሽኝ?»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜም የበር እጀታ በነካሁ ቁጥር እጄን ሳልታጠብ ዓይኔንም አፌንም አልነካም። ሕመሙ የደረሰባቸው ከአባቴ ትንፋሽ ይሁን ከእኔ ጣት የሚነግረኝ የለም፤ እናቴ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ትላለች። ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ያቺ ጥያቄያቸው ናት። «የፈራሁት እርስዎን አይደለም አባባ፣ እጄን ነው» ማለት ምን ያህል ከባድ ነበር? የልጅ ልጃቸው እንደሸሸቻቸው ነው አምነው የሞቱት።