የቬንደሊን አጋዘን መንጋጋ

በእኛ ሸለቆ ሰው የሚከበረው ግድግዳው ላይ በሰቀለው የአጋዘን ቀንድ ነው። ጭንቅላቱ ባዶ ቢሆን ግድ የለም፤ ግድግዳው ይሙላ እንጂ። ቬንደሊን ዕድሜውን በመጋዝ ቤት ግንድ ሲሰነጥቅ ኖሮ፣ ከሸበተ በኋላ ነው የቀንድ መኳንንቱ የአዳኞች ማኅበር የተቀበለው። ያቺን አባልነት ከሚስቱ ከኖትቡርጋ አስበልጦ ይወዳታል፤ ይህን ለሰው ሁሉ የምታወራው ደግሞ ራሷ ኖትቡርጋ ናት።

በመከር ጉም ውስጥ ቬንደሊን አንድ ወንድ አጋዘን ተኩሶ ጣለ። ቀርቦ ሲያየው ቀንዱ ቀጭን፣ ቅርንጫፉም ጥቂት ነው። ወጣት ነው ብሎ ደነገጠ። ገና ሊያድግ የሚገባውን ወጣት የገደለ ሰው፣ በጸደዩ የቀንድ ትርኢት ላይ ሕዝብ እያየው ቀይ ነጥብ ይለጠፍበታል። ለነባሮቹ ማፈሪያ ብቻ ነው፤ እንደ ቬንደሊን ያለ አዲስ አባል ግን ይባረራል።

ከትርኢቱ ዳኛ ቀድሞ የፈረደው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኢግናትስ ነበር።

«ቬንደሊን፣ ጡት ያልጣለ ገደልክ አሉ!» አለ ከባንኮኒው ጀርባ። «ቀጥሎ የማንን ጥጃ ልታድን ነው?»

«ጉም ነበር።»

«ጉሙስ ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ወንድሜ!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ኢግናትስ ራሱ የጣለው አጋዘን ቀንዱ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ ነበርና፣ በእኛ ዘንድ የመሳቅ መብት ነበረው።

ከቀንዱ ጋር የታች መንጋጋው ተቀቅሎ፣ በሽቦ ታስሮ ለዳኛው ይቀርባል፤ ዕድሜን የሚናገረው ጥርስ ነውና። ቬንደሊን ግን ጥርሱን ለማየት ወኔ አጥቶ፣ ጭንቅላቱን እንዳለ እንድትቀቅለው ለሚስቱ ሰጥቷታል። በትርኢቱ ዋዜማ የሟች አጎቱን አሮጌ የአጋዘን መንጋጋ ከቆጥ አወረደ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትሠራ ነው?» አለች ኖትቡርጋ።

«ይኼኛውን ላስር። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። እኔ ካወቅሁ ደግሞ ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። እኔ የቀቀልኩትን እኔው አስራለሁ!» ሽቦውን ከእጁ ነጠቀችው።

በማግስቱ ሽማግሌው ዳኛ መንጋጋውን አንስተው በጣታቸው ዳበሱት።

«ወጣት ያለው ማን ነው? ጥርሱ አልቆ የለም እንዴ! በደህና ዘመኑ ቀንዱ ያስፈራ ነበር። ሲያረጅ ማላመጥ አቃተው፤ ቀንዱም በየዓመቱ እየረገፈ ሲበቅል እያነሰ ሄደ። ደግ አድርገሃል፣ ልጄ።»

አረንጓዴ ነጥብ ለጠፉለት፤ መገደል ያለበትን ገደለ ማለት ነው። ቬንደሊን ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። ወዲያው የኢግናትስ ተራ ደረሰ።

«በበረዶው ክረምት ይኼን ማን ቀለበው?»

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ! በቆሎ፣ ምርጥ ድርቆሽ...»

«ያስታውቃል። ቀንዱን ያበዛው ቀለብህ ነው፤ እሱ ራሱ ገና ልጅ ነው። ብትተወው ኖሮ ምን ይሆን ነበር!» ቀይ ነጥብ። እነዚያው የሳቁት ሰዎች አሁንም ሳቁ፤ ዒላማው ማንም ይሁን ማን ግድ የላቸውም።

ዳኛው በሌላ ትርኢት ዳግመኛ እንዳይቀርብ ብለው የቬንደሊንን መንጋጋ በመሰርሰሪያ በሱት፤ የሁሉም እንዲሁ ይበሳል። ቬንደሊን ቀዳዳውን ሲያይ የአጎቱ መንጋጋ ትዝ አለው። ቤቱ እየሮጠ ገብቶ የአጎቱን መንጋጋ ገለበጠ፤ ያው ቀዳዳ ቁጭ ብሏል። ትናንት ያንን አስሮ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ወዲያው ይይዙት ነበር።

«ኖትቡርጋ!» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «ከማኅበሩም አስበልጬ እወድሻለሁ።»

«በል፣ ይኼንንም ለጎረቤት ልንገር» አለችና መንጋጋውን ለውሻው ወረወረችለት።