ከክፍሌ በር ውጭ የተደረደሩ ጫማዎች

ከሰቆጣ የወጣሁ ለታ ሌሊት እናቴ እኔን «ተኛ» እያለች እሷ ቁጭ ብላ አነጋች። ጎህ ሳይቀድ አውቶብሱ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሄድኩ። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን አለፍኩ። ያንን የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔ የማወራችሁ ስለ ጫማ ነው።

አገሬ ሳለሁ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ እሰፋ ነበር። ጣልያን አገር ቶሪኖ ስገባ ቋንቋውን ሳላውቅ «ታኮ»፣ «ካልሲ»፣ «ጎማ» ስል ሰዉ ሁሉ ይገባዋል። እኔ ሞኙ ከእኛ የወሰዱት መስሎኝ በሆዴ ኮራሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ምግባቸው በርበሬ አያውቅም፣ ጎረቤት አንዴ «እንዴት አደርክ» ካለ በቃው፣ ስለ ከብቱም ስለ ዘመዱም አይጠይቅም። የቅዳሜው የአሮጌ ዕቃ ገበያቸው ግን፣ ወይ ጉድ! የዱሮ ሽማግሌዎች ለሠርግ ለክት ያደርጉት የነበረ ጫማ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል።

በምን ትለየዋለህ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ገልብጡት። የጥንት ከሆነ ሶሉ ቆዳ ነው፣ ዙሪያውን በክር ተሰፍቷል። በማስቲሽ ተለጥፎ የውሸት ስፌት የታተመበትም አለና ክሩን በጥፍር ጫር አድርጉት። ታኮው ቆዳ በቆዳ ላይ እንደ ቂጣ ተደራርቦ በምስማር የተመታ ነው። ውስጡ ቁጥሩ በእጅ ከተጻፈማ አትልቀቁት። እኔም አልለቀቅሁም፤ ምግብ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ከሃያ ጥንድ በላይ ሰበሰብኩ።

ጣጣው የመጣው ከማስቀመጫው ነው። ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ሥዕሏ ባለችበት ጫማ ማስገባት ሆዴ እንቢ አለኝና ሁሉንም ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ደረደርኩት።

አከራዬ ሲኞራ ፒያ ጫማውን ቆጥረው ሰው ቆጠሩ። ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራም፣ የሰቆጣ ኔትወርክ ካልጮኹበት አይሰማ፣ ከበር ሆነው ሲያዳምጡ ቤት ሙሉ ሰው የሚንጫጫ መስሏቸዋል ለካ። አንድ ጠዋት የከተማውን ደንብ አስከባሪ ይዘውብኝ መጡ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አልጋዬ ሥር ሳይቀር አየ። ሰው በድብቅ አሳድሯል ከተባልኩ ክፍሌን አጣለሁ። ክፍል ከሌለኝ አድራሻ የለኝም፣ አድራሻ ከሌለኝ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም፣ እሱ ካልታደሰ ደግሞ አገሬ ሄጄ እናቴን አይቼ መመለስ ቀረ ማለት ነው።

ጫማው ሁሉ የኔ ነው አልኩት። የእግሬን ቁጥር ጠየቀኝ፤ አርባ ሁለት። አንዱን ቢያነሳ አርባ ስድስት፣ ሌላውን ቢያነሳ አርባ።

«ታዲያ ባለቤቶቹ የት ናቸው?»

«ሞተዋል» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሲኞራ ፒያ አማተቡ፣ ሰውዬው ስልኩን አወጣ። ምን እንዳልኩ ያኔ ገባኝ። የቅዳሜ ገበያ አሮጌ ጫማ ነው እያልኩ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ ስፌቱን፣ ታኮውን፣ በእጅ የተጻፈውን ቁጥር አሳየሁት። ማሰሪያቸውንም ፈትቼ አጥቤ መስኮቱ ላይ አስጥቼው ነበርና ወስጄ አሳየሁት፤ ማሰሪያ በሌለው ጫማ ሃያ ሰው ከየት ይመጣል? ሰውዬው በሳቅ ፈረሰ፤ አያቱም እንዲህ ያለውን ጫማ ያደርጉ እንደነበር ነገረኝ። ሲኞራ ፒያ ግን ፈገግ እንኳ አላሉም። ጫማው እስከ እሁድ ወደ ክፍልህ ይግባ፣ አለዚያ ከነጫማህ ውጣልኝ አሉና ወረዱ።

ጨነቀኝ። ክፍሉንም እፈልጋለሁ፣ እመቤታችንንም እፈራለሁ፣ ጫማውንም መጣል አልሆነልኝም። እናቴ ጋ ደወልኩና እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳት።

«እግር የሌለበት ጫማ ምን ጫማ ነው፣ ቆዳ እኮ ነው» አለች። «ዳዊቱስ በቆዳ አይደል የተጻፈው? አስገባው።»

እፎይ ብዬ ልስቅ ስል፣

«አንዱን ግን ውጭ ተወው ልጄ» አለችኝ። «የምትመጣበትን።»

ለእግሬ ልክ የሆነውን ቡናማውን መረጥኩ። ማሰሪያውን አስገብቼ ጫፉን ወደ ደረጃው አዙሬ አስቀመጥኩት። ሲኞራ ፒያ አዩትና ይኼስ የማን ነው አሉኝ። የመንገደኛ ነው አልኳቸው። መቼ ነው የሚሄደው ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ የቡናማውን አቧራ በእጅጌዬ ጠረግሁ።