መርዶው እስኪደርስ በመዋኛ ገንዳ

እናታችን ሐሙስ አረፈች፤ አርብ አዲስ አበባ ተቀበረች። ቀብሩን ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ውስጥ፣ የምነዳውን የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል አንድ ጥግ ፓርክ አድርጌ በስልኬ አየሁት። እህቴ ግን አላየችም። አልነገርኳትም።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ሳማክር፣ «ልጅቷ ዴንተን ብቻዋን ነው ያለችው፤ በስልክ አይነገራትም። ቅዳሜ ሁላችንም ከሥራ ስንወጣ ካሮልተን አንተ ቤት ተሰብስበን እናረዳታለን» አሉኝ። ደግ ሐሳብ መሰለኝ። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ለዘመድ ሁሉ ደወልኩና ማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቅሁ። የቀረኝ እሷን እስከ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወሬ መጠበቅ ነበር።

እህቴ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ አሜሪካ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ትለኛለች፣ አንተ እያለች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ሰርፍ የሚባል፣ በሰሌዳ ሞገድ ላይ መጋለብ ለመደች። ዳላስ ባሕር የለም። ሲመቻት ከጓደኞቿ ጋር አምስት ሰዓት ነድታ ባሕር ድረስ ትሄዳለች፤ ቦርድ ላይ በሆዷ ተኝታ በሞገድ ልትደበደብ! እብደት ነው እላት ነበር። «አንድ ቀን ላስተምርህ» ስትለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀልድ ሸኘኋት። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን እኔው ደውዬ «ዛሬ አስተምሪኝ» አልኳት። በደስታ ስትጮህ አንጀቴን በላችኝ።

የአፓርታማዋ መዋኛ ገንዳ ሰው አልነበረበትም፤ ቦርዷን ይዛ ወረደች። መጀመሪያ ያደረግሁት ስልኳን «ውሃ እንዳይነካው» ብዬ መቀበል ነው። አጠፋሁትና እንደ ሌባ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ሞገዱ ሲመጣ አትሸሽም፣ ኦኬ? በላይ አይደለም የምታልፈው፣ በስሩ ነው። ማለቴ፣ እንደ ዳክዬ።»

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። በሆድ ተኝቶ ወደ ሞገዱ በፍጥነት መቅዘፍ፤ ፍጥነት የሌለው ቦርድ አይጠልቅም። ሞገዱ አንድ የቦርድ ቁመት ያህል ሲቀረው ሁለቱን ጠርዞች በደረት ትይዩ ጨብጦ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ፣ የፊቱን ጫፍ በሙሉ ክብደት ወደ ታች መጫን። ከዚያ የኋላውን ጫፍ በጉልበት ወይም በእግር መግፋት፣ ቦርዱ ውሃ ውስጥ አግድም እስኪሆን። ደረትን ማስጠጋት። ሞገዱ በጀርባ ላይ ሲያልፍ የፊቱን ጫፍ ቀና ማድረግ ብቻ ነው፤ ቦርዱ ራሱ ይዞ ይወጣል።

ገንዳ ውስጥ ሞገድ ስለሌለ ሞገዱ እሷ ሆነች። ከወዲያኛው ጫፍ ተነስታ ውሃውን በሁለት እጇ እየገፋች ትመጣና ትወድቅብኛለች። መጀመሪያ ቸኩዬ ጠለቅሁና ልክ እሷ ስትደርስ ብቅ አልኩ፤ ውሃ አጠጣችኝ። «ቀደምክ!» ሁለተኛ ጊዜ ዘገየሁ፤ ቦርዱ ከእጄ አምልጦ አገጬን መታኝ። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ሆዷ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ከተቀበረች ገና አንድ ቀኗ ነበር፤ ከልቤ ሳቅሁ። የማለቅሰው ውሃው ውስጥ ነበር፤ እዚያ ማንም አያይም። ለዚያ ብዬ ደጋግሜ ጠለቅሁ። እሷ ጎበዝ አለችኝ።

እረፍት ስናደርግ «በስልክህ ቪዲዮ አንሳኝና ለእማ ሴንድ አድርግላት» አለችኝ። «ውሃ ትፈራለች፣ ትሳቅብኝ።»

አነሳኋት።

«ላክህላት?»

«ላክሁ» አልኳት።

ያኔ ነበር ልነግራት የሚገባኝ። ፀጉሯን እየጨመቀች ፊቴ ቆማ ነበር፤ የሚይዛት ክንድ ከተፈለገ እኔም ክንድ ነበረኝ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ ዝም አልኩ ብል ውሸት ነው። ያን ሳቅ የሚያቆመው ሰው እኔ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። የሰው ብዛት እንዲሸፍነኝ ፈለግሁ።

«ቤቴ እንብላ» ብዬ ይዣት ወደ ካሮልተን ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ በሚቀጥለው ክረምት እኔን እውነተኛ ባሕር ውስጥ ስለማስገባቷ አወራች። በሩን ስከፍት ሳሎኑ ጥቁር በለበሱ ሰዎች ሞልቷል። አንዲት ትልቅ ሴት ተነስተው «ልጄ፣ በርቺ» ብለው ሲጀምሩ እሷ ወደኔ ዞረች።

«እማ ናት?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ቀብሩስ?»

«ትላንት።»

«አንተ አየኸው?»

የተዘጋጁት ክንዶች ሁሉ ተዘረጉ፤ አንዱንም አልያዘችም። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ቀኑን ሙሉ ስስቅ እያየኸኝ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሰዎቹ ጸለዩ፤ ምግብ እያመጡ ሦስት ቀን አብረውን ተቀመጡ። በወጉ ነው የተረዳችው ተባባሉ። አልወቅሳቸውም፤ እነሱ በሩ ላይ ነው የጠበቋት፣ ገንዳ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። እሷ በማታውቃቸው ሴቶች መሃል ተቀመጠች እንጂ አጠገቤ አልመጣችም።

አሁን ዓመት አልፎታል። ደህና ነን፤ ማለቴ፣ እንጠያየቃለን። ስደውልላት ግን ሰላም አትለኝም። ስልኩን አንስታ መጀመሪያ የምትለኝ «ማን ሞተ?» ነው።

«ማንም አልሞተም» እላታለሁ።

አታምነኝም።