ከጎታው ጀርባ ያለው ሽንኩርት

ልጅ እያለሁ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ የማለዳ ሥራዬ ሽንኩርት መዳበስ ነበር። ቤታችን ከመተማ ወጣ ብሎ ሽንፋ ወንዝ ዳር ነው። አባቴ ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቋራ በረሃ ወርዷል። እናቴ ወንዙ ዳር ሽንኩርትና ባሚያ እያለማች እኔን ታሳድጋለች፤ ለእሱና ለጓደኞቹም ስንቅ ትልካለች።

አንድ ቀን ከጣሊያን ጦር ሰፈር ትእዛዝ ወጣ። ከሳምንት ቀለብ በላይ አትክልት ቤቱ ያስቀመጠ ለሽፍታ እንዳከማቸ ይቆጠራል፤ ትርፉ ለሰፈሩ ወጥ ቤት ይግባ ተባለ። እናቴ ሰምታ ሳቀች። «እኔ ያፈላሁትን፣ እኔ ያጠጣሁትን፣ ስንት ቀን እንደምበላው እሱ ሊነግረኝ!»

በዚያው ሳምንት ከትልቁ የማሽላ ጎታ ጀርባ በአገዳ ቆጥ ሠራች። ሽንኩርቱን ስትነቅል አታጥበውም። አንገቱ እስኪደርቅ፣ ልጣጩም እስኪንኮሻኮሽ ጥላ ላይ ታሰጣዋለች፤ ከዚያ ቆጡ ላይ በስሱ ትደረድረዋለች። ነፋስ እንዲገባ ግድግዳውን ከግርጌው ፈልቅቃለታለች። ባሚያውን ደግሞ ጎረቤታችን እመት ሐሊማ እንዳስተማረቻት ከትፋ፣ በክር ሰክታ ታደርቃለች። ሲፈጭ ወይካ ይሆናል፤ እፍኝ ዱቄቱ ድስት ሙሉ ወጥ ያወፍራል።

ወይካ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሽንኩርት ግን በዚያ ሐሩር አንዱ ከበሰበሰ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሽታውም ደጅ ይወጣል። «አንች ልጅ፣ ጣትሽ የሰመጠበትን ሁሉ አውጭ። አንዱ ከሸተተ እኛም አባትሽም አለቅን» ትለኝ ነበር። በጎታውና በግድግዳው መካከል የምታልፍ ልጅ ብቻ ናትና ሥራው የእኔ ሆነ።

ከእመት ሐሊማ ልጅ ጋር ቅልቦሽ የለመድሁ ሰሞን ሦስት ማለዳ ሳልዳብስ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ሁለት አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስከትሎ ቤታችንን ሊፈትሽ መጣ። የአገራችን ሰው ነው፤ ሰርጋችን ላይ በልቷል፣ ለቅሷችን ላይ ተቀምጧል። ከደጁ እንዳለፈ ቆመና አፍንጫውን ነፋ።

«ይህ ቤት ምን ይሸታል?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ አየችኝ ብቻ። ያ አስተያየት ከአለንጋ ይብስ ነበር።

ባንዳው ሳይደርስ ከጎታው ጀርባ ሾልኬ ገባሁ። የበሰበሰውን በዳበሳ እየለየሁ በቀሚሴ አቀፍሁት። ጭማቂው በሆዴ ላይ እየወረደ ወጣሁና ሁሉንም ባንዳው እግር ላይ ዘረገፍሁት። ጫማው ታጠበ።

«ይኸው! ለእናንተ ያልነው ነው። ስትዘገዩ በሰበሰ!» አልሁ። ዐይኔን ከዐይኑ አላነሳሁም።

እናቴ ወዲያው ተቀበለችኝ። «እውነቷን ነው ጌታው። ትእዛዝ ነው ብለን አስቀመጥን፤ የሚወስደው ጠፋ። ከኋላም አለ፤ ገብታችሁ ልቀሙ እንጂ!»

አስካሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው እየሳቁ ወጡ። የሳቁት በእሱ ነው፤ ገብቶታል። በጥፊ ጆሮዬን አጮኸውና ተከተላቸው። ጎታው ጀርባ ማንም አልገባም።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችና «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ቀጥላም «ነገ ማለዳ ብትቀሪ ግን እኔው እደግምልሻለሁ» አለች። በማግስቱ ደህናው ሽንኩርትና ሁለት ስልቻ ወይካ ከአገዳ ጭነት ሥር ሆኖ በአህያ ወደ በረሃ ወረደ። አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ዐይኑን ጥሎ መጣ። ግን መጣ።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ። አሁን ልጄ ከጎንደር ፍሪጅ ገዝቶ አምጥቶልኛል፤ መብራት በመጣ ቀን ይሠራል። ምራቴ ሽንኩርቱን በፌስታል አፍና ትከትበታለች፤ በሳምንቱ ላብ ላብ ብሎት ይጣላል። «ርካሽ ነው፣ ሌላ እንገዛለን» ይሉኛል። ያኔ አንዲት ሽንኩርት ከነነፍሷ ለማቆየት ስንት ቀን እንደደከምን ቢነገራቸውም አይገባቸውም፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጓዳዬ ውስጥ በአገዳ ቆጥ አሠርቻለሁ። ፍሪጁ ውስጥ የማኖረው ውሃ ብቻ ነው። ልጄ በመጣ ቁጥር ይቆጣኛል።

ይቆጣ።