ጋሼ ሰብስቤ ግማሹን የተወው ግድግዳ

ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ያሰናዳል። ሰብስቤ ግን የኪራይ ክፍል እንጂ የእኔ የሚለው ቤት ስላልነበረው፣ ያሰናዳው የእግዚአብሔርን ቤት ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ከአገር ቤት ወጥቶ ኮሎምበስ ከተማ ከገባ ጀምሮ፣ ጋሃና በሚባል ሰፈር አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ኖሮ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። በዚያው ሰሞን ምእመናኑ አዋጥተው ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ የጡብ ጸሎት ቤት ገዝተው ነበርና ቁልፉን ለእሱ ሰጡት። ጠዋት ጠዋት ከመሃል ከተማ አውቶቡስ ይይዛል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ በሩን ይከፍታል። ምድር ቤቱ ውሃ አስገብቶ እንደሆነ ያያል፤ ወንበር ይደረድራል። የተጣመመ ምስማር እንኳ አቅንቶ ያስቀምጣል እንጂ አይጥልም።

ሕንፃው ግን ያሳፍረው ነበር። ጡቡ በጭስ ጠቁሮ፣ ጠርዝ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ባለቤት የሌለው ይመስላል።

አንድ ልጁ ሔርሞን አውስትራሊያ ነው የምትኖረው። ሥራዋ የቆዩ ሕንፃዎችንና የቆዩ ቦታዎችን መጠበቅ ነው። ሰብስቤ ይህን ያላወራለት ሰው የለም፤ ምን እንደሆነ ግን በውል አይገባውም። ፎቶ ትልክለታለች፦ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተንጋደደ የእንጨት አጥር፣ ቤቱ ተቃጥሎ ሜዳ ላይ ብቻዋን የቀረች ጭስ ማውጫ።

«ይኼ ገና ያልሠራችሁት ነው?» ይላታል።

«ጨርሰነዋል እኮ አባባ!»

ስልኩን ያገላብጠዋል። የጨረሱት የቱ ጋ እንደሆነ አይታየውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ «ልመጣ ነው» ስትለው ደስታው እንቅልፍ ነሳው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በአባትና ልጅ መካከል ያለው ወሬ «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አሁን ግን የሚያሳያት ነገር አለው። እሷ አሮጌ ሕንፃ ትንከባከባለች፤ እሱም አሮጌ ሕንፃ ይንከባከባል። ይህን ታይለት እንጂ ሌላ አይፈልግም። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌዎች አስፈቀደ፤ ከሴቶች ኅብረት ዘርፌ ቀለም አስገዛችለት፤ በዚያ ጉልበቱ መሰላል ላይ ወጥቶ የሕንፃውን ፊት ነጭ በነጭ አደረገው። በመኪና ማቆሚያው በኩል ያለውን ጎን ወጣቶቹ ቅዳሜ ሊያግዙት ቀጠሮ ያዙ።

ሔርሞን ሐሙስ ደረሰች። ዘርፌ አባትና ልጁን በመኪናዋ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ወሰደቻቸው።

«እይው እንግዲህ! ወተት አይመስልም?» አለች ዘርፌ።

ሔርሞን አየችው። «ማነው የቀባው?»

«አባትሽ ነዋ! ውረድ ብንለው በጀ አላለንም።»

«ጎበዝ አባባ» አለች፣ ሕፃን እንደሚያባብሉት አድርጋ። ሰብስቤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ምን አጠፋሁ?

በማግስቱ ጸሎት ቤቱ ደጅ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ነገረችው። «የድሮ ጡብ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶ ያስወጣል። በዚህ ቀለም ሲታፈን ውሃው ውስጥ ይቀራል። ክረምት በረዶ ሲሆን የጡቡን ፊት ይልጠዋል።»

«ታዲያ ቆሽሾ ይኑር?»

«ቆሻሻ አይደለም እኮ፣ ዕድሜው ነው።»

«የእኔም ፊት ዕድሜ አለው፤ ግን ጠዋት ጠዋት እታጠበዋለሁ።»

ሳቀች። ከመጣች ገና መሳቋ ነበር። «መታጠብና መቀባት ለየቅል ነው» አለችና፣ እዚያ አውስትራሊያ በጎች ፀጉራቸውን ይሸለቱበት ስለነበረ አንድ ትልቅ የእንጨት ቤት አወራችለት። ሸላቾቹ ስማቸውን ጣውላው ላይ ጽፈውበታል። በዓመት አንድ ቀን ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ምሳውን ቋጥሮ፣ ያንን ሊያይ ይመጣል።

«ንጉሥ አድሮበት ነው?»

«በጎች አድረውበታል።»

ሰብስቤ ነገሩ ዞረበት። «ሔርሞን፣ እዚህ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። ያልወደድሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ደግሞ የቀባሁት ላንቺ ነው።»

ይህን ስትሰማ እጁን ያዘችና ወዳልተቀባው ጎን ወሰደችው። ጡቦቹን እየዳሰሰች ሄዳ አንዱ ጋ ቆመች። «ጣትህን እዚህ ክተት።»

ከተተ። ጡቡ ላይ ሦስት ጎድጓዳ ነገሮች አሉ፤ ጣቶቹ ልክክ አሉ።

«ጭቃው እርጥብ ሳለ ያነሳው ሠራተኛ ጣት ነው» አለችው። ቀጥላም፣ «እማዬ አገር ቤት የመረገችው ግድግዳ ትዝ ይልሃል? ያልጋዬ ራስጌ ያለው?»

«ጭቃውን ከጭድ አቡክታ… እንዴት ይጠፋኛል።»

«የጣቶቿ መስመር ነበረበት። ስተኛ ጣቶቼን መስመሩ ላይ አስኬድ ነበር። እሷ ስትሞት ለቀስተኛ ሊመጣ ነው ብለህ በሲሚንቶ ለሰንከው።»

ሰብስቤ ጣቶቹን ከጡቡ አወጣ። «ቤቷን ሰው እንዳይንቅባት ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ልጅ ነበርኩ። አንተ ደግሞ እያለቀስክ ነበር የምትለስነው።»

ያን ቀን ሲወጣም ሲገባም ይህንኑ አሰበ። ሚስቱን አከበርኩ ያለ ጊዜ ሚስቱን ነው የደፈነው? ታዲያ ክብር የቱ ነው? አልፈታለት አለ።

ቅዳሜ ወጣቶቹ ብሩሽ ይዘው መጡ፤ ዘርፌም ምሳ ይዛ። ሰብስቤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«አይቀባም።»

«ምን ማለትህ ነው ሰብስቤ? ግማሽ ጎኑን እንደተላጨ ሰው ልታስቀረው ነው?» አለች ዘርፌ።

«ጡቡ ይታፈናል። ከዚያ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ በጎቹ ስማቸውን ጣውላ ላይ…»

«በጎች ይጽፋሉ?»

«በጎቹ አይደሉም፣ ሰዎቹ…» ተወው። «እኔም ገና አልገባኝም። ግን አይቀባም። ኑ ላሳያችሁ።»

ያንን ጡብ ሊያሳያቸው ዞረ፤ የቱ እንደሆነ ግን ጠፋው። ሔርሞንን በዓይኑ ጠየቃት። ፈገግ ብላ በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመችው። በእጁ እየዳሰሰ ግድግዳውን ተከትሎ ሄደ። ወጣቶቹ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ የሚፈልጉትን ሳያውቁ፣ እነሱም መዳሰስ ጀመሩ።

«ምንድነው የምንፈልገው?» አለች ዘርፌ፣ መነጽሯን አውልቃ ወደ ጡቡ ተጠግታ።

«ጣት።»

«ጣት! በጌታ ስም፣ ይኼ ሰውዬ…» ስትል እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ሰብስቤ፣ ና እስቲ። ይኼ ነው?»

መጥቶ ሞከረው። ያኛው አልነበረም፤ ሌላ ነው። ጠባብ ስለነበር የእሱ ጣት አልገባ አለ። የዘርፌ ግን ገባ።