የጎትሊበ የሰባት ዓመት ዘመቻ

ጎትሊበ ልጇን ለእህቷ አስታቅፋ ከመንደር ስትወጣ ለገና እመለሳለሁ ብላ ነበር። ሬጊና ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ናት፤ ሁለት ጥርስ አውጥታለች።

የጎትሊበ ባል ሌበሬክት የሳክሶኒ እግረኛ ወታደር ነበር። በዚያ መኸር ፕሩሲያዎች ጦሩን ኤልብ ወንዝ ዳር ከበው በረሃብ ማረኩትና ነጩን የሳክሶኒ ኮት አስወልቀው የራሳቸውን ሰማያዊ አለበሱት። ከዚያ ወዲህ ሌበሬክት አገሩን የወረረውን ንጉሥ ጠመንጃ ተሸክሞ ይሄድ ጀመር። ሳንባው ድሮም ደካማ ነው። ደም ሲተፋ ያየው ሰው ወሬውን ሲያመጣላት፣ ጎትሊበ ስንቋን ቋጠረች።

እህቷ ሳቢነ የራሷን ልጅ ከቀበረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። «ሂጂ፤ ጡቴ እንደሆነ ሞልቶ እያመመኝ ነው» አለቻት።

ጦሩ ጥቂት የወታደር ሚስቶችን አጣቢ አድርጎ ይዞ ይዞር ነበር፤ ጎትሊበም ከእነሱ ተቀላቀለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጋሪ ጀርባ እየተደበቀች ወተቷን መሬት ላይ ታልበው ነበር። አንድ ቀን ደረቀ።

ወታደሮቹ ግን ይወዷት ነበር። «እሜቴ ሳሙና! ሸሚዜን እጠቢልኝ፣ ስሞት እንኳ ንጹሕ ልሁን» ይላታል አንዱ።

«መጀመሪያ ቅማልህን አሰናብት፤ ከዚያ ትሞታለህ» ትለዋለች።

ሌበሬክት በሦስተኛው ክረምት ብሬስላው ከተማ፣ ጭድ ላይ እንደተኛ አረፈ። በመጨረሻ «ልጅቷ አሁን ትሄዳለች፣ አይደል?» አላት።

«ምን ትሄዳለች፣ ትሮጣለች እንጂ።»

እሱን ቀብራ ወደ አገሯ ለመመለስ ስትነሣ፣ ኦስትሪያዎች የጓዙን ጋሪዎች መንገድ ላይ ይዘው ሴቶቹን ጭምር ወደ ሃንጋሪ ነዷቸው። እዚያም ሰላም እስኪወርድ የሰው ልብስ ስታጥብ ቆየች። በየመንገዱ ሕፃን ባየች ቁጥር ቆም ትላለች፦ የእኔም ይኼን ታህላለች፤ የእኔም ፀጉሯ እስከዚህ ደርሷል።

ጦርነቱ ባበቃበት ጸደይ በእግሯ መንደሯ ደረሰች። እንደ ድሮው የተልባ እግር ሸማው በፀሐይ እንዲነጣ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። አንዲት ልጅ ውኃ ትረጭበታለች።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለች ልጅቷ።

«ሳቢነን።»

«እናቴ ቤት ናት። እርስዎ ከጦሩ ጋር የነበሩ ነዎት?»

«በምን አወቅሽ?»

«በጫማዎ። የወንድ ነው።»

ጎትሊበ ሳቋ መጣ። «ስምሽ ማነው?» አለቻት፣ እያወቀች።

«ሬጊና። ኧረ ሸማውን ረገጡት!»

ሳቢነ ከሽመናዋ ተነሥታ አቀፈቻት። ወዲያው ደግሞ ለቀቀቻት።

«ልትወስጃት ነው የመጣሽው?»

«ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«ሞታለች ብለን አልቅሰንልሻል እኮ! አንድ ደብዳቤ እንኳ አልላክሽም።»

«መጻፍ የት አውቄ? ነግረሻታል?»

«ምን ብዬ ልንገራት? አንዷን እናትሽን ጦርነት በላት ልበላት?»

ነገ ይዣት እሄዳለሁ ብላ ጎትሊበ በልቧ ወሰነች። በዚህ መካከል ሬጊና እያነከሰች ገባች፤ እሾህ ወግቷታል። በጎትሊበ ጉልበት አጠገብ አልፋ እግሯን ሳቢነ ጭን ላይ ሰቀለች። ሳቢነ እሾሁን አውጥታ እንትፍ አለችበትና ቂጧን መታ አድርጋ ሰደደቻት።

ጎትሊበ ልጅቷን በዓይኗ ሸኘቻት። «አልወስዳትም» አለች በመጨረሻ። «ግን ከዚህ መንደር ንቅንቅ አልልም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላትም ትነግሪያታለሽ።»

ሳቢነ «እሺ፣ እነግራታለሁ» አለችና በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች።

ጎትሊበ ሸማ የሚነጣበት መስክ ዳር አንዲት ክፍል ያዘች። በየበጋው ከልጅቷ ጎን ቆማ ውኃ ትረጫለች፤ ስለ ድመት፣ ስለ ጎረቤት ዝይ ያወራሉ። ናፍቆቷ ይበርዳል ብላ ነበር፤ ባሰ እንጂ አልበረደም። በሃንጋሪ ሳለች የናፈቀቻት ሁለት ጥርስ ያላትን ሕፃን ነበር፤ ያቺን ሕፃን ደግሞ ከእንግዲህ የትም ብትሄድ አታገኛትም።

ሳቢነ ቃሏን ጠበቀች። ሬጊና ነገሩን ስትሰማ ሦስት ሳምንት መስኩ ላይ አልታየችም። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ለምን ይዘሽኝ አልሄድሽም?»

«መንገዱ ይገድልሽ ነበር።»

«አንቺን መች ገደለሽ?»

ጎትሊበ ከበሩ ፈቀቅ አለችላት። ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች። «አባቴ ምን ይመስል ነበር?» አለች። ጎትሊበ እስከ ቀትር ነገረቻት፤ አሳሳቁን፣ የጭድ መኝታውን፣ የጠየቃትን ጥያቄ።

ሬጊና አድጋ አገባች፤ ሳቢነን እናቴ፣ ጎትሊበን በስሟ እየጠራች ኖረች። መንደርተኛው ስለ ጎትሊበ «ነገሩን ለምዳዋለች» ይል ነበር። አልለመደችውም። እሑድ እሑድ ግን ሦስቱ አንድ ገበታ ቀርበው የገብስ ሾርባ ይበሉ ነበር፤ ሬጊናም ትኩሱን ዳቦ ቆርሳ በመጀመሪያ የምታቀርበው ለጎትሊበ ነበር።