የአሻንጉሊት ቤት ውስጥ የቀረው የወርቅነሽ እጅ

ወዳጆቼ፣ የባለቤቴ የወርቅነሽ እጅ አሁን በዚህች ሰዓት የአሻንጉሊት ቤት መስኮት ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ብሏል።

ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ግሪክ ነጋዴ ለልጁ አሻንጉሊቶች የምትሆን ትንሽ የእንጨት ቤት ሥራልኝ አለኝ። እኔ ደግሞ እዚህ አራዳ ስንት ቤት ያቆምኩ አናጺ ነኝ። እንደለመድኩት ግድግዳውን አቆምኩ፣ ቆርቆሮውን መታሁ። ኖራ የሚቀባው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነዋ!

ለካ በዚህች የአሻንጉሊት በር ቀቢ አይገባም።

ወርቅነሽ “የኔ እጅ ቀጭን ነው” ብላ በመስኮቱ ጨርቅ አስገብታ ውስጡን ኖራ ስትቀባ ዋለች። ላውጣው ስትል እጇ አብጧል። የኑግ ዘይት አፈሰስንበት፤ ወይ ፍንክች።

ነጋዴው ደጅ ከበቅሎው ሲወርድ ይሰማኛል። መጋዝ ይዤ ቆሜአለሁ። መስኮቱን ከቆረጥኩት የወር ልፋቴ ገደል ገባ።

“እንዳትቆርጠው” አለችኝ። “ቤታችንን ኖራ ቀባልኝ ስልህ አሥር ዓመት ሙሉ ነገ ትለኛለህ። ይኸው እጄ እንኳ ነጭ ቤት ገባ፤ ትንሽ ይቀመጥበት።”

ለሰው ስትሠሩ ውላችሁ፣ በገዛ ቤታችሁ እንዲህ አንገታችሁን የደፋችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። እኔ መጋዙን እንደያዝኩ ነኝ።